አዲስ ኤሊን ከነባሮቹ ጋር ሲቀላቅሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ነባር ኤሊዎች ወዳሉበት ግቢ አዲስ ኤሊ ሲገባ የሚፈጠረው ችግር ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን አይታይም። ውሾች ሲጣሉ ይጮኻሉ፣ ዶሮዎች ሲነካከሱ ላባ ይበተናል፤ ኤሊ ግን በሽታውንም ጠቡንም በዝግታ ስለሚይዘው፣ ጉዳቱ ገሃድ የሚወጣው አሳዳጊው «ተስማምተዋል» ብሎ ክትትሉን ካቆመ ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ነው። ከዚህ በታች የቀረቡት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚፈጸሙት ይህን ዝምታ እንደ ጤና ወይም እንደ ስምምነት በመቁጠር ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የሚፈጸመው አዲሱ ኤሊ ገና ከመምጣቱ በፊት ነው። ብዙ ሰዎች ሁለተኛ ኤሊ የሚያመጡት ያለው ኤሊ ብቸኝነት ተሰምቶታል ብለው በማሰብ ነው። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ የየብስ ኤሊዎች በዱር ሕይወታቸው ብቻቸውን የሚኖሩ ሲሆን፣ የሚገናኙት በዋነኛነት ለመራባት ወይም ምግብና መጠለያ በአንድ ቦታ ሲገኝ ነው። በተለይ ሁለት ኤሊዎችን ብቻ አንድ ላይ ማኖር ከሁሉም የከፋው አማራጭ ነው፤ ምክንያቱም የጉልበተኛው ትኩረት በሙሉ በአንዱ ላይ ያርፋል፣ ደካማውም በተከለለው ቦታ ውስጥ የትም ሊርቀው አይችልም። ስፍራው ጠባብ ከሆነ አለመጨመር ይሻላል፤ ይህን ውሳኔ በኋላ ከመውሰድ አስቀድሞ መውሰድ እጅግ ይቀላል።

ሁለተኛውና በእኔ ግምት ከሁሉም የከበደው ስህተት፣ አዲሱን ኤሊ በለይቶ ማቆያ ሳያቆዩ ወይም ለጥቂት ቀናት ብቻ አቆይተው መቀላቀል ነው። «ጤነኛ ይመስላል፣ ይበላል፣ ይንቀሳቀሳል» የሚለው ማረጋገጫ በኤሊ ላይ ብዙም አይሠራም። የኤሊ ሄርፒስ ቫይረስ እንደ ሌሎቹ የሄርፒስ ቫይረሶች ሁሉ አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ሲሆን፣ እንስሳው በጉዞ፣ በቦታ ለውጥ ወይም ከብርድ ወራት እንቅልፍ በመንቃት ሲጨነቅ እንደገና ሊቀሰቀስ ይችላል። የግሪክ ኤሊ ተብሎ የሚታወቀው ዝርያ ቫይረሱን ያለ ምንም ምልክት ሊሸከም ይችላል፤ የሄርማን ኤሊና የሩሲያ ኤሊ ወደሚባሉት ዝርያዎች ሲተላለፍ ግን በአፍና በምላስ ላይ ቁስል እያስከተለ ብዙዎቹን ሊገድል ይችላል። ማይኮፕላዝማ የሚባለው ባክቴሪያም እንዲሁ ነው፤ ምልክቱ፣ ማለትም የአፍንጫ ፈሳሽና የዓይን ማበጥ፣ ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል፣ በሚጠፋበትም ጊዜ ተሸካሚው በሽታውን ሊያስተላልፍ ይችላል። ኤሊ ሳንባውን የሚያግዝ ድያፍራም፣ ማለትም በደረትና በሆድ መካከል ያለ የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ስለሌለው እንደ እኛ በኃይል ስሎ አክታን ማስወጣት አይችልም፤ ስለዚህ በአፍንጫው ቀዳዳ ላይ የታየች አንዲት አረፋ እንኳ በቸልታ የምትታለፍ አይደለችም።

ታዲያ ምን ያህል ጊዜ ይቆይ? ቢያንስ 3 ወር የሚለው መነሻ በስፋት የሚታወቅ ሲሆን፣ በሜድትራኒያን አካባቢ ዝርያዎች ላይ ግን ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት፣ ማለትም የብርድ ወራት እንቅልፉን አልፎ እስኪነቃ ድረስ መታገሥ ይበልጥ አስተማማኝ ነው። ማቆያው በሌላ ክፍል ወይም ከነባሮቹ ርቆ መሆን ይኖርበታል፤ የራሱ ውኃ መጠጫ፣ የራሱ መመገቢያና የራሱ ማጽጃ ሊኖረው ይገባል። በየዕለቱ ነባሮቹን አስቀድሞ አዲሱን ደግሞ በመጨረሻ መመገብ፣ ከዚያም እጅን በሳሙና መታጠብ በአሳዳጊው እጅ የሚተላለፈውን በሽታ በእጅጉ ይቀንሳል። የወለሉ ምንጣፍ ተራ ወረቀት ቢሆን ዓይነ ምድሩን ለማየትና ለመሰብሰብ ያመቻል። በዚህ ወቅት በየሳምንቱ የሚመዘገብ ክብደት በዓይን ከሚታይ ከማንኛውም ምልክት ቀድሞ ችግር ሊጠቁም ስለሚችል ሚዛኑ የግድ ያስፈልጋል። የላቦራቶሪ ምርመራን በተመለከተ፣ ከአፍ በሚወሰድ ናሙና የሚደረገው የፒ.ሲ.አር. ምርመራ (የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልገው) እና የደም ምርመራው ተደጋጋፊ እንጂ ተተኪ አይደሉም፤ የተደበቀ ቫይረስ ሁልጊዜ በምራቅ ውስጥ ስለማይገኝ አንድ ጊዜ «የለም» የሚል ውጤት ብቻውን ለመቀላቀል ፈቃድ ሊሆን አይችልም።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ አንድ አደገኛ ስህተት አለ፤ እሱም የሆድ ትላትል ይኖርበታል በሚል ግምት መድኃኒት መስጠት ነው። ለከብትና ለሌሎች እንስሳት በሰፊው የሚሰጠው አይቨርሜክቲን ለኤሊ መርዝ ነው፤ ሽባ አድርጎ ይገድለዋል። ዓይነ ምድሩ ይመርመር፣ መድኃኒቱንና መጠኑን ተሳቢ እንስሳትን የሚያውቅ ሐኪም ይወስን።

የተለያዩ ዝርያዎችን ማቀላቀልም ሊወገድ የሚገባው ነው። ከደረቅ ምድር የመጣው ሱልካታ የተባለው የኤሊ ዝርያ ሲያድግ 50 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ሊመዝን የሚችል እንስሳ ሲሆን፣ ቀይ እግር ኤሊ ደግሞ እርጥበትንና ጥላን የሚሻ ነው፤ ለአንዱ የተስማማ ስፍራ ሌላውን ይጎዳል። ከዚያም በላይ አንዱ ዝርያ ተላምዶት የሚኖረው ተውሳክ ሌላውን ሊገድል ይችላል።

ጾታንና መጠንን ሳያጣሩ መጨመር በጣም የተለመደ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ረዘምና ወፈር ያለ ጅራት አለው፣ በሆዱ በኩል ያለው ቅርፊቱም ወደ ውስጥ ጎድጎድ ይላል፤ ነገር ግን ይህ በጫጩትነት ዕድሜ አይታይም፣ በትንንሾቹ ዝርያዎች እንኳ ርዝመታቸው 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ እስኪደርስ ድረስ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። በብዙ ዝርያዎች ዘንድ ጾታን የሚወስነው ዕንቁላሉ የተቀፈቀፈበት ሙቀት ስለሆነ፣ ከአንድ ቦታ አብረው የተገዙ ጫጩቶች ሁሉም ወንድ ሆነው ቢገኙ ሊገርም አይገባም። ሁለት ያደጉ ወንዶች በአንድ አጥር ውስጥ መጋጨታቸው፣ እግር መናከሳቸውና አንዱ ሌላውን በጀርባው መገልበጡ አይቀርም ማለት ይቻላል። ወንድ ካለ ለእሱ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ሴቶች ያስፈልጋሉ፤ አንዲት ሴት ብቻዋን ከሆነች ያለ ዕረፍት ትሳደዳለች፣ ትቆስላለችም። ጫጩትን ከአዋቂ ጋር መቀላቀል ደግሞ ጨርሶ ሊታሰብ አይገባም፤ ክፋት እንኳ ባይኖር መረገጥ ይበቃዋል።

የማቆያው ጊዜ በሰላም ካለቀ በኋላ የሚፈጸመው ስህተት፣ አዲሱን ኤሊ አንስቶ ነባሮቹ የራሳቸው ባደረጉት ስፍራ መካከል ማስቀመጥ ነው። የተሻለው መንገድ ሁሉንም ለማናቸውም እንግዳ በሆነ ሰፊ ቦታ ማገናኘት፣ ይህ ካልተቻለ ደግሞ ነባሮቹን ለጊዜው አውጥቶ የመኖሪያ ስፍራቸውን ድንጋይ፣ ግንድና መጠለያ አቀማመጥ ለውጦ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መመለስ ነው። እርስ በርስ እንዳይተያዩ የሚጋርዱ ቁጥቋጦዎችና ግንዶች ይብዙ፤ መመገቢያው በተለያየ ቦታ ይበተን፤ መሞቂያውና መሸሸጊያው ከአንድ በላይ ይሁን። የመራቢያ ወቅት፣ ሴቶቹ ዕንቁላል ለመጣል የሚቆፍሩበት ጊዜና ከብርድ ወራት እንቅልፍ በፊት ያሉት ሳምንታት ለዚህ አይመቹም። በደመናማና ቀዝቃዛ ቀን የተደረገ ትውውቅም ያታልላል፤ ሰውነቱ ያልሞቀ ኤሊ ለመጣላትም አቅም ስለማይኖረው ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል፣ ፀሐይ ሲወጣ ግን ሌላ መልክ ይይዛል። ስለዚህ ሙሉ ቀን መከታተል በሚቻልበት ሞቃት ቀን ይጀመር። የተገለበጠ ኤሊ የውስጥ አካሉ ሳንባውን ስለሚጫነውና በፀሐይ ሙቀት በፍጥነት ስለሚጎዳ፣ ትቶት ወደ ሥራ መሄድ አይቻልም።

የኤሊን ጠባይ በተሳሳተ መንገድ መተርጎም ግን ልምድ ያላቸውን ጭምር የሚያሳስት ነው። ሁለት ኤሊዎች በአንድ ጥግ ተደራርበው ሲተኙ ያየ ሰው ፎቶግራፍ ያነሳና «ተዋደዱ» ይላል። እውነታው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወይ ሁለቱም ያንኑ አንድ ምቹ ቦታ ፈልገዋል፣ ወይም አንዱ ሌላውን ከሙቀቱ እየከለከለው ነው። ጫና ሁልጊዜ በመናከስ አይገለጥም፤ በዝግታ መከተል፣ ፊት ለፊት ቆሞ መንገድ መዝጋት፣ ሌላው ሊበላ ሲል መጥቶ ምግቡ ላይ መቆም፣ ጀርባው ላይ መውጣት ሁሉም የጫና መልኮች ናቸው። ተጎጂው ደግሞ አይጮህም፤ ከመጠለያው መውጣት ያቆማል፣ ሌሎቹ ሲገቡ ብቻ ይወጣል፣ በአጥሩ ጥግ እየተመላለሰ መውጫ ይፈልጋል፣ ክብደቱም ይቀንሳል ወይም ማደጉን ያቆማል። በአንጻሩ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መሻተትና ጭንቅላትን ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ ወዲያው እጅ የሚያስገባ ነገር አይደለም፤ ደም የታየ እንደሆነ፣ መገልበጥ ከተደጋገመ ወይም አንዱ ሌላውን ያለማቋረጥ ካሳደደ ግን በዚያው ዕለት መለየት ይገባል።

ለመለያየት የሚሆን ሁለተኛ ማቆያ ሳያዘጋጁ መጀመርም ስህተት ነው፤ ይህ ቦታ ከሌለ አሳዳጊው «ነገ ይለምዱ ይሆናል» እያለ ቀኑን ይገፋል። የሚለየው አጥር በወንፊት ሽቦ ሳይሆን በማያሳልፍ ጣውላ ወይም ግንብ ይሁን፤ የሚተያዩ ከሆነ ሽቦውን ቀኑን ሙሉ ሲገፉና ሲታገሉ ይውላሉና። የለይቶ ማቆያው ደንብ ለአዲስ መጤ ብቻ አለመሆኑም ይታወቅ፦ ለማዳቀል ወይም ለአደራ ወደ ሌላ አሳዳጊ ሄዶ ከማያውቃቸው ኤሊዎች ጋር የሰነበተ የራስዎ ኤሊም ሲመለስ እንደ እንግዳ ይቆጠራል፣ የማቆያ ጊዜውም ከአንድ ብሎ ይጀምራል።