የቆሰለ ድኩላ ጎረቤት ማሳ ሲገባ ምን ይደረጋል?

ጎጃም ውስጥ ማሳ ከማሳ ይጎራበታል። አንዱ ቆሞበት የተኮሰው መሬትና ጎረቤቱ ያረሰው መሬት መሃላቸው አንድ ስስ የሣር ወሰን ብቻ ይሆናል። ድኩላ ደግሞ ወሰን አያውቅም። ሲመታ የሚሮጠው ወደ ቅርቡ ጥሻ ነው። ጥሻው የአያ እገሌ ባሕር ዛፍ ይሁን የደብሩ ደን ግድ የለውም። ጣጣው የሰው ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ሕጉን እንጨርስ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ጥሶ የተገኘ የገንዘብ ቅጣትም እስራትም ያገኘዋል። የጠመንጃ ፈቃድ የአደን ፈቃድ አይደለም። «በቆሎዬን ጨረሰብኝ» ማለትም ብቻውን ፈቃድ አይሆንም፤ ለቀበሌ ማመልከት ነው።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ ፈቃድ ይዞ በተፈቀደለት ቦታ የተኮሰ ሰው ነው። ሌላው ምንም ሳይተኩስ ነገሩ ቤቱ ድረስ የመጣበት ነው፤ ውሻው ድኩላ ነክሶበት፣ ወይም የሌላ ሰው ወጥመድ በጥሶ የመጣ እንስሳ በጓሮው አልፎበት። ሁለቱም ጎረቤት አላቸው።

1. ከመተኮስ በፊት ጎረቤትን አናግሩ

ከሁሉ የሚቀለው ይሄ ነው፤ ግን የሚያደርገው ጥቂት ነው። በዋዜማው ብቅ ብሎ «ነገ በዚህ በኩል እሆናለሁ፤ ምናልባት ወደ እርስዎ ቢያመልጥ ልግባ ወይ?» ማለት ብዙ ነገር ያቃልላል። እንስሳው ወሰኑ አጠገብ ከቆመ ደግሞ አለመተኮስ ነው። ጥሩ ተኳሽ የሚባለው መተው የሚችለው ነው።

2. ቁሙ፤ አትሩጡ

ጀማሪ ሁሉ ተኩሶ ይሮጣል። የቆሰለ ድኩላ ካላባረሩት ብዙም ሳይርቅ ጥሻ ውስጥ ይተኛል። ካባረሩት ግን ሦስት ማሳ አቋርጦ ይሄዳል፤ ያኔ የምታስፈቅዱት ጎረቤት ሦስት ሆነ ማለት ነው።

የቆመበትንና ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ቦታ በዓይናችሁ ያዙ፤ አንድ ዛፍ ወይም ቋጥኝ ምልክት ይሁናችሁ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ የተመታበት ቦታ ሂዱና መሬቱን እዩ።

ደሙ ደማቅ ሆኖ አረፋ ካለበት ሳንባውን ነው የተመታው። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ ሩቅ አይሄድም። ጠቆር ያለ ደም ከሆነ ጉበት ሊሆን ስለሚችል ሦስት አራት ሰዓት መታገስ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ሌላ ነው፤ ደሙ ትንሽ ሆኖ አረንጓዴ ነገር ተቀላቅሎበት፣ ቅጠሉን አንስታችሁ ስታሸቱት ፈርስ ፈርስ ሲል። ይሄ ሆድ ዕቃ ነው። እንስሳው ወዲያው አይሞትም፤ ስድስት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ቶሎ ከተከተሉት ተነስቶ ይጠፋል፣ እየተሰቃየም ይሞታል።

የፈረንጅ አዳኞች በዚህ ሰዓት እንዲያድር ይተዉታል። እኛ አገር ግን ጅብ አለ። የመሸበትን ድኩላ ጠዋት አታገኙትም። ክረምት ከሆነ ደግሞ አንድ ዶፍ ደሙን ሁሉ አጥቦ ይወስደዋል። ስለዚህ ፀሐዩንም ደመናውንም አይቶ መወሰን የእናንተ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ወዲያ መጀመሪያውኑ አልተኩስም።

3. የጥበቃው ሰዓት የማስፈቀጃ ሰዓት ነው

ደሙን ተከትላችሁ ወሰኑ ላይ ስትደርሱ ቁሙ። የመጨረሻው ጠብታ ላይ ድንጋይ ደርድሩ ወይም እንጨት ትከሉ። ጥይቱን ከጠመንጃው አውጡ። ጠመንጃውን ይዞ የሚቆይ ባልንጀራ ካለ እሱ ወሰኑ ላይ ይጠብቅ። ዘመኑ ታጥቆ ሰው ደጅ የሚኬድበት አይደለም።

ቤቱን ከሩቅ ተጣሩ። «ቤቶች!» ብላችሁ ውሻው እስኪያዝ ጠብቁ። ባለቤቱ ማሳ ላይ ከሆነ «እግዜር ያበርታዎት አያ» ይቀድማል። ነገሩን አታድበስብሱ፤

«አያ፣ ድኩላ ቆስሎብኝ ወደ እርስዎ ጥሻ ገብቷል። ደሙ እዚያ ሾላው ሥር ድረስ አለ። ከፈቀዱልኝ አብረን ገብተን እንፈልገው።»

«አብረን» የምትለዋ ቃል ሥራ ትሠራለች። ባለማሳው ቆሞ የሚያይ ሳይሆን የሚመራ ይሆናል። ደግሞ እውነት ለመናገር ጥሻውን ከእናንተ ይልቅ እሱ ያውቀዋል፤ ድኩላው የት ውኃ እንደሚጠጣም ጭምር።

ባል ከሌለ ሚስቲቱን አስፈቅዱ። መሬቱ በይዞታ ደብተሩ ላይ የእሷም ነው። ልጅን ብቻ ጠይቆ መግባት ግን አስፈቀድኩ አያሰኝም።

4. እምቢ ቢልስ?

አትግቡ። በቃ።

«እኔ አቁስዬው የእኔ ነው» የሚል ክርክር አያዋጣም። ሕገ መንግሥቱ መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ቢያደርገውም ያረሰው ገበሬ የይዞታ መብት አለው፤ ማሳው መንገድ አይደለም። አሜሪካ እንኳ እንደየግዛቱ ይለያያል። ብዙ ግዛቶች ባለመሬቱን አስፈቅድ ይላሉ። ሚኒሶታ በሕግ የተመታና የቆሰለ ከሆነ በእግር ገብተህ ፈልግና ወዲያው ውጣ ትላለች። የእኛ ነገር ግን ሌላ ነው። ያ ሰው ነገ ለደቦ ይፈለጋል፣ እድር ላይም አብሮ ይቀመጣል።

የእምቢታው ምክንያት ብዙ ጊዜ ድኩላው አይደለም። አምና የተገፋ ወሰን ወይም እህል የበላች ላም ትኖራለች። እሱን እዚያ ቆማችሁ አትፍቱት። ሁለታችሁንም የሚያውቅ ሽማግሌ ጥሩ፤ ካልሆነም የቀበሌ ሰው። ወይም «እሺ፣ እርስዎ ራስዎ ገብተው ይዩት፤ እንስሳው እንዳይሰቃይ ብቻ ነው» በሉት። ኩራት ያለው ሰው ይሄን ሲሰማ ይለሳለሳል።

5. አገባብ

ከተፈቀደ ሁለት ሦስት ሰው ይበቃል። መንደሩን ሁሉ አታስከትሉ። የደረሰ ጤፍ ከሆነ በመሃሉ አትሂዱ፤ ይረግፋል። ዳር ዳሩን ዞራችሁ ደሙ የወጣበትን ፈልጉ። ውሻ በገመድ ይሁን። እረኛና ከብት ከአካባቢው ይራቅ።

የቆሰለ ወንድ ድኩላን አትናቁ። ቀንዱ ቀጥ ያለና ሹል ነው፤ ጥግ ሲይዝ ሰው ይወጋል። ከኋላው በኩል ቅረቡ። ተኝቶ ካገኛችሁት በረጅም እንጨት ዓይኑን ነካ አድርጉ። ካላርገበገበ ሞቷል። ካርገበገበ ወደ ኋላ በሉ። ሁለተኛ ጥይት የሚተኮሰው ባለማሳው እሺ ካለና ከጀርባው ሰው፣ ቤት፣ ከብት አለመኖሩ ከታየ በኋላ ነው።

ፈቃድ የሌለው ሰው ግን እዚህ ላይ እጁን ይሰብስብ። ውሻ የነከሰውን ድኩላ «ከሚሞት» ብሎ ማረድ ያስከስሳል። ውሻውን አስሮ፣ ሰው አርቆ ለቀበሌ መንገር ነው። በወረዳው የዱር እንስሳትን ጉዳይ የሚይዙት ባለሙያዎች የሚደረገውን ይናገራሉ።

6. የደብር ደን ከገባ

ይሄ ለብቻው ነው። ጎጃም ውስጥ ጥቅጥቅ ያለ የአገር ዛፍ የቀረው በአብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ስለሆነ ድኩላውም ወደዚያው ያመራል። ጠመንጃ ይዞ ቅጥር መግባት የለም። ቄሰ ገበዙን ፈልጋችሁ ንገሯቸው። «የተጠጋ አይነካም» ካሉ ነገሩ አለቀ። የተጎዳ እንስሳ ትቶ መመለስ ይከብዳል፤ እኔም ይከብደኛል። ቅጥሩ ውስጥ ግን ውሳኔው የእሳቸው ነው።

7. ሥጋውና ጉዳቱ

ፈቃዱ ሥጋውን መውሰድ የሚያስችል ከሆነ ባለማሳው ድርሻ ይሰጠዋል፤ ጥሩውን ብልት እንጂ የተረፈውን አይደለም። በሕይወት ተደርሶበት ተባርኮ ካልታረደ ግን በክት ነው፤ ክርስቲያን አይበላውም። በጥይት ያለቀ እንስሳ ይዞ «ደርሼበታለሁ» ማለት ጎረቤትን ማስነወር ነው።

የረገፈ እህል፣ የፈረሰ አጥር ካለ ዕለቱን ተነጋገሩ። አጥሩን ሳትጠየቁ እዚያው አጥራችሁ ውጡ።

ካልተገኘስ? ጥሻው ውስጥ እንደቀረ ለባለማሳው ሳትነግሩ አትሂዱ። ሌሊት ጅብ ይመጣበታል፤ በግና ጥጃውን ያስገባ። በማግሥቱ ጠዋት ሰማዩን እዩ፤ ጥንብ አንሳ የሚዞርበት ካለ እንደገና አስፈቅዳችሁ ግቡ። የተረፈውን ከውኃው አርቃችሁ በጥልቅ ቅበሩት፤ ጉድጓዱን የሚቆፍረው የተኮሰው ነው።