የታመመ ሰው አገር ቤት ላላችሁ፦ ብሩንም ኪኒኑንም ለአንድ ሰው አትስጡ

እዚህ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባገኘሁት ለቅሶ ቤት ሁሉ «እህትሽን ከዚህ ሆነሽ እንዴት ነው የምታሳክሚያት?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ታላቅ እህቴ አዲስ አበባ ናት። ሉፐስ አለባት፤ ሰውነትን ከበሽታ መጠበቅ ያለበት ኃይል ዞሮ የገዛ አካሏን ያጠቃል። በላዩ ግፊትና ስኳር ተጨምሯል። ለሉፐሱ የምትወስደው ፕሬድኒሶሎን ስኳሯን ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ የአንዱን ሐኪም ማዘዣ ሌላውም ማየት አለበት። ኪኒኖቿን ሁሉ ከነመጠናቸው አንድ ወረቀት ላይ አጽፋችሁ ፎቶውን ያዙ።

ውክልና ኤምባሲ ሄዳችሁ ትሰጣላችሁ፤ ወረፋውን ታውቁታላችሁ። ኪኒን ለመግዛት ግን ውክልና አያስፈልግም። «ለሕክምናዋ ነው» ብሎ ቤት የሚያሸጥ ውክልና የሚጠይቃችሁ ዘመድ ካለ ጠርጥሩ።

አሁን ወደ ወንድማችን ልምጣ። በየወሩ ብር እልክለታለሁ፣ እሱ የመድኃኒቱን ካርቶን ፎቶ በቴሌግራም ይልክልኛል። ስምንት ወር እንዲህ ሄድን። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ፎቶዎቹን ወደ ላይ እየገፋሁ አየኋቸው። የሁሉም ካርቶን ግራ ጥግ ተቀድዷል። በሁሉም ላይ ፋርማሲው በሐምራዊ እስክሪብቶ የጻፈው መጠን አለ፣ የመጨረሻው ቁጥር ላይ ቀለሙ ፈሷል። አንድ ካርቶን ነው፤ አንዴ ምንጣፍ ላይ፣ አንዴ መስኮት ላይ አስቀምጦ ያነሳዋል።

እህቴን «ገበያ ላይ ጠፍቷል» ይላት ነበር። መድኃኒት በእርግጥም ስለሚጠፋ ማን ይጠረጥራል? እሷ ኪኒኗን ለሁለት እየከፈለች ቆየች፣ ሲያልቅባት አቆመች። ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት አያቋርጥም፤ ሰውነቱ ኮርቲሶል የሚባለውን የራሱን ሆርሞን ማመንጨት ስለሚያቆም ያስመልሰዋል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ሊሞትም ይችላል። መታጠቢያ ቤት ወድቃ ጎረቤት አገኛት።

ሆስፒታል ተኝታ ስደውል የነገረችኝ ከስርቆቱ ይልቅ አንገበገበኝ። ጠርጥራ ኖሯል። «ሥራ ፈትቶ ነው፣ ወንድምሽ ነው፣ አደራ ለሰው እንዳታወሪ።» ይኸው እያወራሁ ነው።

ስለዚህ ታማሚዋን ራሷንም ሙሉ በሙሉ አትመኑ፤ የሚበላትን ሰው ትሸፍናለች። «ጤናሽ እንዴት ነው?» ብትሏት መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። «ዛሬ ጠዋት ስንት ዋጥሽ? ቀሪውን አሳዪኝ» በሏት። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ በቪዲዮ እንቆጥራለን። ጡረታ የወጡ ነርስ ጎረቤታችን አጠገቧ ይቀመጣሉ። ብሩ በቀጥታ ወደ ፋርማሲው ሂሳብ ይገባል። ነርሷ ብር አይነኩም፣ ፋርማሲው ቤቷን አያውቅም።

ጠበልን አትከልክሉ፤ ትጣላላችሁ እንጂ አትረቱም። የንስሐ አባቷን ለመንኳቸው፣ «ኪኒንሽን ሳታቋርጪ ተጠመቂ» አሏት። እኔ ዓመት ሙሉ ያልቻልኩትን በአንድ ቀን ጨረሱት። ለመገጣጠሚያ ሕመሟ ዘመድ የሚያቀብላትን ዲክሎፌናክ ግን ያለ ሐኪም እንዳትነካ፤ ሉፐስ ኩላሊት ይነካል፣ ዲክሎፌናኩም ኩላሊት ይጎዳል።

በሰው የምትልኩትን ከነካርቶኑና ከማዘዣው ኮፒ ጋር ላኩ። ኢንሱሊን ሻንጣ ውስጥ ገብቶ አይጫን፣ በእጅ ይያዝ፤ በረዶ ከሠራ ብላሽ ነው።

ወንድማችን አሁንም እዚያው ቤት ነው። ለሉፐሱ የምትወስደው ሌላው ኪኒን፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪን፣ ዓይን ሊጎዳ ስለሚችል በዓመት አንዴ ለምርመራ የሚወስዳት እሱ ነው። የታክሲውን ሂሳብ የምትከፍለው ግን እሷ ናት።