የከተማ ጤና ኃላፊ ሲሾም ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በደሴም፣ በኮምቦልቻም፣ በወልድያም የጤና ኃላፊነቱ ሲጓደል ቶሎ የሚነሳው ስም የታወቀ ሐኪም ነው። ትልቁ ስህተት ከዚህ ይጀምራል፤ ወንበሩ የሚጠይቀው ችሎታ ሌላ ነውና። እሑድ ማታ ከአንድ ጤና ጣቢያ "ሁለት የአተት (የአጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ተጠርጣሪዎች መጡ" ተብሎ ቢደወል፣ ሪፖርቱ በ30 ደቂቃ ውስጥ ወደሚቀጥለው እርከን መድረስ አለበት። አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት የሰገራ ናሙና ይወሰዳል። የታማሚዎቹ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌና የሚጠጡት ውኃ ይመዘገባል፤ በቧንቧው ውኃ ውስጥ የቀረው ጀርም ገዳይ ክሎሪንም ይለካል። ቅደም ተከተሉን የማያውቅ ኃላፊ "ጠዋት እንነጋገርበት" ይላል፤ ሲነጋ ሰዉ ሰኞ ገበያ ወጥቷል። ስለዚህ ዕጩው ስንት ዓመት እንዳከመ ሳይሆን በበሽታ ቅኝት፣ በወረርሽኝ ምላሽ ወይም በጤና ጣቢያ አስተዳደር ምን እንደሠራ ይጠየቅ። ሐኪምም፣ ጤና መኮንንም፣ ነርስም ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሠራ ይሁን እንጂ።

"ማስተርስ አለው" ብሎ ማለፍም አለ። የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ በኤፒዴሚዮሎጂ፣ በጤና አገልግሎት አስተዳደር፣ በሥነ ምግብ፣ በሥነ ተዋልዶ ጤና ይለያያልና ትራንስክሪፕቱን ይዩ። ዋናውን ማስረጃ ከሰጠው ተቋም ጋር ያመሳክሩ፤ የሙያ ፈቃዱ መታደሱንም ያረጋግጡ። ፎቶ ኮፒ አይበቃም።

ከተሞቹን በአንድ መስፈርት መለካት ደግሞ ሌላው ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ከ2,000 ሜትር በታች በመሆኗ ወባ ያሰጋታል፣ ፋብሪካም ይበዛባታል። እዚያ የአካባቢ ጤና ጠንቅቆ የገባው ሰው ያስፈልጋል፤ ኃላፊው ባይሆን ምክትሉ።

ወንበሩን በተጠባባቂ ለወራት ማቆየት አይመከርም። ተጠባባቂ ግዥ ለመፈረምም፣ ሠራተኛ ለማዛወርም ያመነታል።

ርክክቡ ቁልፍና ማኅተም ብቻ ሆኖ ሲቀርም አዲሱ ኃላፊ ባዶ እጁን ይገባል። በተለይ ሰኔ 30 በጀት ሊዘጋ ሲል ከተሾመ ያልተጠናቀቁ ግዥዎች በጽሑፍ ይሰጡት። ምርመራቸው ያላለቀ የወረርሽኝ ጥቆማዎች፣ ሳምንታዊ ሪፖርት የሚያዘገዩ ጤና ጣቢያዎች፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት ያለበት የክትባት ማቀዝቀዣ የሙቀት መዝገብም አብረው ይረከቡ። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው ሠራተኛ ማን እንደሆነም ይጻፍ፤ ስሙና ስልኩ ማቀዝቀዣው ላይ ይለጠፍ።