ከድሬ ተነስቶ ሴንት ፒተርስበርግን ማየት

ድሬ ውስጥ «ራሽያ ነው የተማርኩት» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም አንዷ ነኝ። ከተማዋ ገና ሌኒንግራድ ስትባል ነው የተማርኩባት። በ1991 የድሮ ስሟ ከተመለሰላት በኋላም ሄጄ አይቻታለሁ። ሰሞኑን ልጆቻቸው ለትምህርት የሚሄዱባቸው የከዚራ ጎረቤቶቼ «እስኪ ምን ምን ይዩ?» እያሉ መጠየቅ አብዝተዋል። አንዴ ጽፌው ልገላገል። ዓመቱን በፈረንጅ፣ ወሩንና ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ገንዘብ። ከ2022 ወዲህ ከራሽያ ውጭ የወጣ ቪዛና ማስተርካርድ እዚያ አይሠራም። ጥሬ ዶላር ወይም ዩሮ ያዙ፣ ባንክ ገብታችሁ ቀይሩ። የሰዓት ልዩነት የለም፣ ከኛ ጋር አንድ ነው። ከሞስኮ ሳፕሳን የሚባለው ፈጣን ባቡር አለ። 650 ኪሎ ሜትሩን በአራት ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። አቦ፣ የባቡር ከተማ ልጅ ሆናችሁ ይህን መንገድ በአውሮፕላን እንዳትሄዱት!

ወሩን መምረጥ ከቻላችሁ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ሂዱ። ያን ጊዜ ሌሊቱ በደንብ አይጨልምም። በታኅሣሥ ግን ፀሐይ ከስድስት ሰዓት በታች ነው የምትታየው፣ እሷም ከታየች ነው። በእነሱ ክረምት፣ በብርዱ ወራት ማለቴ ነው፣ የምትሄዱ ካፖርታችሁ አንገቱ ላይ መስቀያ ማሰሪያ እንዳለው ቀድማችሁ እዩ። ሙዚየም በካፖርት አይገባም። በሩ ላይ ልብስ የሚቀበሉ እናቶች አሉ። ማሰሪያው ከተበጠሰ እንደ ገዛ ልጃቸው ነው የሚቆጡት። መርፌና ክር ይዞ መሄድ ያዋጣል።

ሁሉም ሰው ከትልቁ ሙዚየም፣ ከሄርሚታዥ፣ ይጀምራል። እናንተ ግን ከኩንስትካሜራ ጀምሩ። ከኔቫ ወንዝ ማዶ፣ ቫሲሊየቭስኪ ደሴት ላይ ያለው ግንብ ያለው ሰማያዊና ነጭ ሕንፃ ነው። ሙዚየሙን በ1714 ያቋቋመው ንጉሡ ታላቁ ጴጥሮስ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጋፋው ጴጥሮስ የሰበሰባቸውን፣ በብልቃጥ የተቀመጡ አካለ ጎደሎ ሕፃናት ለማየት ነው። እኔ አልወደውም። ልባችሁ የማይችል ከሆነ እለፉት፣ የሚቀርባችሁ ነገር የለም።

እኛን የሚመለከተው ሌላ ነው። በ1913 ኒኮላይ ጉሚሊዮቭ የሚባል ገጣሚ በዚህ ሙዚየም ተልኮ፣ የእህቱን ልጅ አስከትሎ ወደ አገራችን መጣ። ከጅቡቲ የተሳፈረው በኛው በምድር ባቡር ነው። ዝናብ ሐዲዱን አበላሽቶት ስለነበር ባቡሩ መንገድ ላይ ቀረ። ሰውዬው ድሬ የደረሰው ሐዲድ ላይ በምትገፋ ትንሽ ጋሪ ነው። ከዚያ ሐረር ወጣ። የሐረር ገዥ የነበሩትን ወጣቱን ደጃዝማች ተፈሪን፣ የኋላውን አፄ ኃይለ ሥላሴን፣ አግኝቶ ፎቶ አነሳቸው። ከሐረርና ከአካባቢው የገዛውን ዕቃ ጠቅልሎ ለሙዚየሙ አስረከበ። ከስምንት ዓመት በኋላ የገዛ አገሩ መንግሥት በጥይት ገደለው። ዕቃው ግን እዚያው አለ። ሁሉም ለዕይታ አይወጣም። የአፍሪካውን ክፍል ስታገኙ ቀስ ብላችሁ ዙሩ፣ ከየዕቃው ሥር የተጻፈውን በስልካችሁ እያስተረጎማችሁ አንብቡ። ሐረሪ አያት ያላችሁ ደግሞ ካስጎብኚው በላይ ታውቁታላችሁ።

አሁን ሄርሚታዥ። ቀፊራ ገበያ የሚገዛውን ሳያውቅ የገባ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ እዚህም ያው ነው። ከሦስት ሚሊዮን በላይ ዕቃ አለው። ሰኞ ዝግ ነው። ትኬቱን ኦንላይን ቀድማችሁ ቁረጡ። ለመቁረጥ ካርድ ካስቸገራችሁ እዚያ የሚኖር ሰው ለምኑ። ዋናው ሕንፃ የነገሥታቱ የክረምት ቤተ መንግሥት ነው። በትልቁ ነጭ ደረጃ ውጡና የወርቁን ጣዎስ ሰዓት እዩ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሠዓሊው ሬምብራንት ክፍል። የጠፋው ልጅ ወደ አባቱ ሲመለስ የሚያሳየው ሥዕል እዚያ ነው። ታሪኩን ከወንጌል ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ አስረጂ አያስፈልጋችሁም። ፊቱን ከመፈለጋችሁ በፊት እግሩን ተመልከቱ። ልጁ ተንበርክኳል። የግራ ጫማው ወልቋል፣ ውስጥ እግሩ ቆሽሾ ተላልጧል። የቀኙ ጫማ ተረከዙ ላይ አልቋል። ስንት አገር እንደዞረ እግሩ ይናገራል። እዚያ ክፍል ቁጭ በሉ። ከዚህ ሌላ ጉልበት ከተረፋችሁ ከቤተ መንግሥቱ ፊት ያለውን አደባባይ ተሻግራችሁ፣ ማዶ ባለው ሕንፃ ውስጥ የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የማቲስን ሥዕሎች ታገኛላችሁ።

አደባባዩ መሃል የቆመው የአሌክሳንደር ዓምድ ከአንድ ግራናይት የተጠረበ ነው፣ 600 ቶን ያህል ይመዝናል። ከ1834 ጀምሮ የቆመው በክብደቱ ብቻ ነው። ብሎን የለው፣ ሲሚንቶ የለው። ሴቶቹ ልጅ ይዘው በሥሩ ማለፍ ይፈሩ ነበር ይባላል፣ አልፈርድባቸውም።

አብያተ ክርስቲያናቱ ብዙ ናቸው፣ ሦስት ይበቃችኋል። የይስሐቅ ካቴድራል ከተማውን ከላይ ለማየት ነው፣ ጉልላቱ ላይ ከ100 ኪሎ በላይ ወርቅ አለ። ካዛን ካቴድራል ኔቭስኪ ጎዳና ላይ ነው፣ መግቢያው ነጻ ነው። ሴቶች ነጠላችሁን ጣል አድርጉ። በዝንጉርጉር ጉልላቱ በየፖስትካርዱ የምታዩት፣ «ስፓስ ና ክሮቪ» የሚሉት፣ ደግሞ በ1881 ንጉሡ ዳግማዊ አሌክሳንደር በቦምብ ለሞት በቆሰለበት ቦታ ላይ የተሠራ ነው። ውስጡ ከ7,000 ካሬ ሜትር በላይ ሞዛይክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሬሳ ማቆያ ነበር።

ለድሬና ለሐረር ሰው ግን አራተኛ እጨምራለሁ፦ ትልቁ መስጊድ። ጎርኮቭስካያ በሚባለው የሜትሮ (የምድር ውስጥ ባቡር) ጣቢያ ወርዳችሁ ቅርብ ነው። ጉሚሊዮቭ ሐረር በነበረበት በዚያው በ1913 ነው የተከፈተው። ሰማያዊ ጉልላቱ የተሠራው የኡዝቤኪስታኗ ከተማ ሳማርካንድ ያለውን የጥንቱን ገዥ የቲሙርን መቃብር አስመስለው ነው። ሶቪየቶች ዘግተውት መጋዘን አድርገውት ነበር፣ በ1956 ተመለሰ። ከመስጊዱ ወጥታችሁ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ምሽግ የእግር መንገድ ነው። ከተማዋ በ1703 የተጀመረችው ከዚያ ነው። ልክ በቀን ስድስት ሰዓት መድፍ ይተኮሳል። ካልነገሯችሁ ያስደነግጣል።

አንድ ቀን ለባቡር ስጡ። ወደ ቪቴብስኪ ጣቢያ ሂዱ። የራሽያ የመጀመሪያው ባቡር በ1837 የተነሳው ከዚህ ሰፈር ነው፣ ድሬ ባቡር ሳታይ ከ60 ዓመት በላይ ቀድሞ። የአሁኑ ሕንፃ የ1904 ነው። ደረጃው፣ መስታወቱ፣ የብረቱ አበባ፣ ሁሉም ዛሬም ሥራ ላይ ነው። የኛን ጣቢያ ሳስብ ትንሽ ቀናሁ። ከዚያው በተራ ባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ተጉዛችሁ ጻርስኮዬ ሴሎ ትወርዳላችሁ። የካትሪን ቤተ መንግሥት እዚያ ነው። ጀርመኖች የዘረፉትን፣ ግድግዳው አምበር በሚባል የደረቀ የጥንት ዛፍ ሙጫ የተለበጠ «የአምበር ክፍል» እንደገና ሠርተው በ2003 ከፍተውታል። ገጣሚው ፑሽኪን የተማረበት ትምህርት ቤትም አጠገቡ ነው። ፑሽኪን የሞተበት ቤት ግን ከተማው ውስጥ፣ ሞይካ ቦይ ዳር ቁጥር 12 ነው። ሰዓቱ 8፡45 ላይ ቆሟል፣ በ1837 ነፍሱ የወጣችበት ደቂቃ ነው። ቅድመ አያቱ ኢብራሂም ሃኒባል ከአፍሪካ የመጣ ነው። ከኛ በኩል ነው፣ አይደለም የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም፤ አዲስ አበባ ግን ሐውልት አቁማለታለች።

ፒተርሆፍ፣ ባለ ፏፏቴው ቤተ መንግሥት፣ በእነሱ በጋ፣ በሙቀቱ ወራት ብቻ ነው የሚጣፍጠው። በጀልባ ሂዱ። ፏፏቴዎቹ ፓምፕ የላቸውም፣ ውሃው ከከፍታ ቦታ በቦይ እየወረደ በራሱ ግፊት ነው የሚፈነዳው። ከመስከረም በኋላ ይዘጋሉ።

ፒስካርዮቭስኮዬ መቃብር ብዙ ቱሪስት አይሄድም። እናንተ ሂዱ። ከተማዋ ከ1941 እስከ 1944፣ 872 ቀን ተከባ ነበር። በ1941 መጨረሻ የአብዛኛው ሰው የቀን ድርሻ 125 ግራም ዳቦ ነበር፣ እሱም መጋዝ ብናኝ የመሰለ ነገር ሁሉ የተቀላቀለበት። መቃብሩ ላይ ስም የለም። ረጅም የሣር መደብ ነው፣ በየራሱ ድንጋይ ላይ ዓመት ብቻ ተቀርጿል። ኮከብ ካለበት ወታደሮች ናቸው፣ ማጭድና መዶሻ ካለበት ሰላማዊ ሰዎች። በኛ አቆጣጠር የ77ን ረሃብ ያየ ሰው ምንም አስረጂ አይሻም። እዚያ በሄዳችሁበት ቀን ሌላ ቦታ አትጨምሩ።

ድልድይ አደገኛ ነው። በበጋ ሌሊት 7 ሰዓት ካለፈ በኋላ መርከብ ለማሳለፍ የኔቫ ድልድዮች መሃላቸው ተከፍሎ ይነሳል፣ እስከ 11 ሰዓት ገደማ። ትዕይንቱ ግሩም ነው። ግን ማደሪያችሁ ባለበት ዳርቻ ቆማችሁ እዩ። ሜትሮም እኩለ ሌሊት ገደማ ይዘጋል። በቀን ግን ሜትሮውን ራሱ እንደ ሙዚየም ቁጠሩት፤ አቭቶቮ ጣቢያ ከዓምዶቹ ከፊሎቹ በመስታወት የተለበጡ ናቸው።

ምግብ ላይ አትጨነቁ። የኡዝቤክ ቤቶች በየሰፈሩ አሉ። ፕሎቭ የሚሉት የኛ ሩዝ በሥጋ ነው፣ ሃላል የሚፈልግም እዚያ አያጣም። ፆመኛ «ፖስትኖዬ» ይበል፤ በዐቢይ ፆም ብዙ ምግብ ቤት የፆም ሜኑ ያወጣል። ስኳር የተነሰነሰበት ትኩስ ፒሽኪ ከቦምቦሊኖ አይለይም። የሐረር ቡና ግን ከዚሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቆልታችሁ ፈጭታችሁ። ጀበናውን ተዉት፣ ይሰበራል።