ሪፍ ላይ ሰርፍ ልትወጡ ነው? ቦርዱን መጀመሪያ መሬት አስቀምጡትና ባህሩን እዩት

አሸዋ ላይ ሰርፍ (በቦርድ ሞገድ ላይ መንሸራተት) የለመደ ሰው ሪፍ (ውሃ ስር ያለ አለት ወይም ኮራል) ላይ ሲመጣ መጀመሪያ ደስ የሚለው ነገር ሞገዱ ቦታ አለመቀያየሩ ነው። አሸዋ ይሄዳል ይመጣል፣ አለት ግን ያው አለት ነው፣ ባህሩ ተመሳሳይ ሲሆን ሞገዱም እዛው ቦታ ላይ ይሰበራል። ችግሩም ያው አለት መሆኑ ነው እንግዲህ። ሰው ሁሉ "ሞገዱ ስንት ሜትር ነው" እያለ ሲጠይቅ እናንተ "አለቱ ላይ ስንት ውሃ አለ" ብላችሁ ጠይቁ።

ሞገድ የሚሰበረው በግምት ጥልቀቱ የቁመቱን 1.3 እጥፍ ሲሆን ነው፣ 2 ሜትር የሆነ ሞገድ 2.6 ሜትር አካባቢ ጥልቀት ላይ መገልበጥ ይጀምራል ማለት ነው። ታች ያለው ወለል ቀስ እያለ ከፍ የሚል ከሆነ ሞገዱም ቀስ ብሎ ይፈርሳል፣ ከጥልቅ ውሃ በአንዴ አለት ላይ ከወጣ ግን ጊዜ አያገኝም፣ ከላይ ያለው ውሃ ወደፊት ይወረወርና ውስጡ ባዶ ቱቦ ይሆናል። በ2024 የኦሎምፒክ ሰርፊንግ የተደረገበት የታሂቲው ቴአሁፖ እንደዛ ነው። ፎቶው ያምራል፣ ጀማሪ ግን እዛ ምን ሊሰራ ይሄዳል።

ፎርካስት (የሞገድ ትንበያ) ስታዩ ቁመቱን ብቻ አይታችሁ አትነሱ። በአንዱ ሞገድና በሚቀጥለው መሀል ያለውን ሰከንድ እዩ፣ ፔሬድ የሚሉት እሱን ነው። 8 ሰከንድ የሆነ ሞገድ ጥልቅ ባህር ላይ ርዝመቱ 100 ሜትር አካባቢ ነው፣ 15 ሰከንድ ከሆነ ግን ወደ 350 ሜትር ይሆናል፣ ሞገድ ደግሞ ወለሉን መንካት የሚጀምረው የርዝመቱ ግማሽ ጥልቀት ላይ ሲደርስ ስለሆነ ረጅሙ ገና 175 ሜትር ላይ ሆኖ ነው አለቱን የሚያውቀው፣ ወደሱ ይታጠፋል ጉልበቱንም እዛ ላይ ይሰበስባል። ስለዚ ሁለት ቀን ላይ እኩል 1.5 ሜትር ተብሎ ተጽፎ አንዱ ቀን መጫወቻ ሌላው ቀን መከራ ሊሆን ይችላል።

ነፋሱ ቀላል ነው፣ ከየብስ ወደ ባህር በቀስታ ሲነፍስ የሞገዱን ፊት ደግፎ ያቆመዋል፣ ከባህር ሲመጣ ያበላሸዋል። ብዙ ቦታ ጠዋት የሚሻለው ፀሐይ መሬቱን ሳታሞቅና የባህሩ ነፋስ ሳይነሳ ስለሆነ ነው።

ሙላትና ጉድለቱ ላይ ግን ቆም በሉ፣ ሰው የሚጎዳው እዚ ጋ ነው። በቀን ሁለቴ በሚሞላና በሚጎድል ባህር ከሙላት እስከ ጉድለት 6 ሰዓት ከምናምን ይፈጃል፣ ውሃው ግን እኩል እኩል አይወርድም፣ የመጀመሪያው ሰዓት ላይ ከጠቅላላው 12ኛ እጁ ብቻ ነው የሚሄደው፣ 3ኛውና 4ኛው ሰዓት ላይ ግን ግማሹ ይሄዳል። ስትገቡ ደህና የነበረ ቦታ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አለቱ አፍጦ ታገኙታላችሁ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ አካባቢ ልዩነቱ የበለጠ ይሰፋል።

ከሁሉ በላይ የምመክረው ነገር ባህሩ ዝም ባለ ቀን ጉድለቱ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ሄዳችሁ አለቱን በአይናችሁ ማየት ነው። እኔ ስንት ጊዜ በላዩ ያለፍኩበት ቦታ ላይ ጠረጴዛ የሚያክል ድንጋይ ቆሞ ያየሁ ቀን ነው ዝም ያልኩት። ውሃ ሲሞላ እንደዛ አይነቱ ድንጋይ ያለበት ላይ ውሃው እንደ ድስት ይፈላል፣ ያንን ካያችሁ ራቁ።

ከዛ የመግቢያው ቀን ቢያንስ 30 ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ትልልቆቹ ተከታትለው ነው የሚመጡት፣ ፔሬዱ ረጅም ሲሆን ደግሞ በመሀል ብዙ ደቂቃ ዝም ሊል ይችላል፣ አምስት ደቂቃ አይቶ "ዛሬ ትንሽ ነው" ብሎ የገባ ሰው ነው ድንገት የሚመታው። ሞገድ የማይሰበርበት ጠቆር ያለ ውሃ ፈልጉ፣ ቻናሉ እሱ ነው፣ በሱ ቅዘፉ። መውጫችሁንም ሳትገቡ ወስኑ፣ ውሃው ሲጎድል ያ መውጫ ይኖራል ወይ ብላችሁም አስቡ። መውጫ ካላገኛችሁ አትግቡ፣ በቃ።

ከድንጋይ ላይ የምትገቡ ከሆነ የመጨረሻው ትልቅ ሞገድ እስኪያልፍ ጠብቁና ውሃው ከፍ ሲል ቦርዱ ላይ በደረት ተኝታችሁ ውጡ፣ ፊኖቹ (ከቦርዱ ስር ያሉት ክንፎች) ድንጋይ እንዳይነኩ። ስትወድቁ ደግሞ በጭንቅላት መጥለቅ የለም፣ ተዘርግታችሁ በጀርባ ወይ በጎን ውደቁ፣ ጭንቅላታችሁን በእጅ ሸፍኑ፣ በእግር ለመቆምም አትሞክሩ፣ እግር ስንጥቅ ውስጥ ሊገባ ይችላል የባህር ጃርትም አለ። ሄልሜት ማድረግ አያሳፍርም።

ቆዳችሁ ከተላጠ ትንሽ ናት ብላችሁ አትተዉት፣ የኮራል ስብርባሪ ውስጥ ከቀረ ያመረቅዛል። በንጹህ ውሃና በሳሙና በደንብ እጠቡት፣ የሚታየውን ስብርባሪ አውጡ፣ ከቀላና ካበጠ ወይም ጥልቅ ከሆነ ሀኪም ጋ ሂዱ፣ እስኪድን ድረስም ውሃ ውስጥ አትግቡ።