ለደጋ ዝናብ የሚተነፍስ ጃኬት፦ አመራረጥና አያያዝ

ሰሜን ተራሮች ላይ በሐምሌና ነሐሴ፣ ባሌ ውስጥ ደግሞ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ዝናቡ ከብርድ ጋር ነው የሚመጣው። የሰሜን ተራሮቹ ጨነቅ ሰፈር 3,600 ሜትር ገደማ፣ የባሌው የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። እዚያ ላይ የበሰበሰ ሰው እግሩ ሲቆም ወዲያው ይንቀጠቀጣል። የላስቲክ ካፖርት ዝናቡን ይከለክላል፤ ዳገት ላይ ግን ላብ መውጫ ስለሚያጣ ሸሚዙ ከውስጥ ይርሳል። ለአስጎብኚ፣ ለስካውት (ለፓርክ ጠባቂ)፣ ለተጓዥ፣ በፈቃድ አውሬ ለሚያድንም ሰው የሚተነፍስ ጃኬት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አሠራሩን የተረዳ ሰው በአያያዙ አይሳሳትም። ጃኬቱ ውጭው ናይለን ወይም ፖሊስተር ነው፤ ከሥሩ እንደ ጎርቴክስ ያለ ስስ ሽፋን ተጣብቋል። ሽፋኑ የውሃ ጠብታን ያግዳል፣ የላብ እንፋሎትን ያሳልፋል። ውጭኛው ጨርቅ ደግሞ ውሃ እንዲንከባለልበት መድኃኒት ተቀብቷል። ይህ ቅብ ሲያረጅ ወይም ሲቆሽሽ ጨርቁ ውሃ ይጠጣል። ዝናቡ ሽፋኑን አልፎ ባይገባም እንፋሎቱ መውጣት ያቅተዋል፤ ላቡ ውስጥ ይጠራቀማል። ባለቤቱ «ጃኬቱ አፈሰሰ» ብሎ ይጥለዋል። ብዙ ጊዜ ግን የሚያስፈልገው ሳሙናና ካውያ ብቻ ነው።

ሲገዙ መጀመሪያ የውሃ መቋቋም ቁጥሩን ይዩ፤ ጨርቁ ሳያፈስ የሚሸከመው የውሃ ዓምድ ከፍታ ነው። ለእግር ጉዞ 10,000 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከባድ ቦርሳ ትከሻ ላይ ለሚጫን ወይም እርጥብ መሬት ላይ ለሚንበረከክ ሰው 20,000 ይሻላል፤ ጫና ውሃን በጨርቅ ውስጥ ይገፋል። የመተንፈስ አቅም፣ ማለትም የሚያሳልፈው እንፋሎት፣ በ24 ሰዓት በካሬ ሜትር በግራም ይጻፋል፤ ለዳገት ከ15,000 በታች ባይወርድ ጥሩ ነው። አምራቾች በተለያየ ዘዴ ስለሚለኩ የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር ማወዳደር ያሳስታል። አንዳንዱ መለያ «አርኢቲ» (RET) ይላል፤ እሱ ጨርቁ እንፋሎትን ምን ያህል እንደሚያግድ ስለሚለካ ተገላቢጦሽ ነው፦ ከ6 በታች በጣም ጥሩ፣ ከ20 በላይ ደካማ።

ከቁጥሩ ይልቅ እኛ የምናምነው የብብት ዚፕን ነው። ሽፋኑ የሚሠራው ውስጡ ከውጭው ይበልጥ ሞቃትና እርጥብ ሲሆን ነው። በብርዳም ደጋ ጥሩ ይሠራል፤ በሞቃትና እርጥበታማ ቆላ የትኛውም ጃኬት ላብ ያስይዛል። ያኔ ብብት መክፈት ብቻ ነው የሚያተርፈው። ስፌቱ በሙሉ ከውስጥ በቴፕ መታሸጉን፣ ቆቡ ጠንካራ ጠርዝ እንዳለውና ከራስ ጋር አብሮ መዞሩን፣ ከሹራብ በላይ ሲለበስ እጅ ማንሳት መቻሉን ይፈትሹ። በባሌና በአርሲ ደን የደጋ አጋዘን ለሚከታተሉ የጨርቁ ድምፅም ወሳኝ ነው፤ እጅጌውን እርስ በርሱ ሲያሹት የሚንኮሻኮሸውን ትተው ለስለስ ያለ ፊት ያለውን ይምረጡ።

ሰልባጅ ተራ ጥሩ ጃኬት በርካሽ ይገኛል፣ ሬሳም ይሸጣል። ገልብጠው ትከሻውንና ቆቡን ይዩ። ውስጡ እንደ ቅርፊት ከረገፈ፣ ካበጠ፣ ከተጣበቀ ወይም የጎመዘዘ ሽታ ካለው ሽፋኑ ሞቷል፤ ምንም አያድነውም። ጥርጣሬ ካለ አንዱን ክፍል እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይዘው አንድ ስኒ ውሃ ያፍሱ፣ በጣት ያሹት፣ ከሥር ደረቅ ወረቀት አድርገው 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ወረቀቱ ከራሰ ይተዉት። ውጭው ብቻ ውሃ ከጠጣ ግን አይተዉት፣ እሱ ይመለሳል።

እጥበትን መፍራት ትልቁ ጥፋት ነው። ላብ፣ ጭስና የፀሐይ ቅባት፣ ቆብ ላይ ደግሞ የራስ ቅቤ ቅቡን ያዳክማሉ። ብዙዎቹ አዳዲስ ጃኬቶች ፒፋስ የሚባሉት ውሃንና ቅባትን የሚገፉ ኬሚካሎች የሌሉበት ቅብ ስላላቸው ቅባት ይበልጥ ይጎዳቸዋል (ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ ከ2025 ጀምሮ ፒፋስ ያለበትን አብዛኛውን ልብስ መሸጥ ከልክለዋል)። ስለዚህ አንገትጌው ሲወዝ ወይም ውሃ መንከባለል ሲያቆም ይታጠብ።

ዚፑን ሁሉ ይዝጉ፣ ላስቲኩን ያላሉ። ሳፋ ውስጥ 10 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ላይ ኒክዋክስ ወይም ግሬንጀርስ የሚባለውን የጃኬት ሳሙና ጠርሙሱ በሚያዘው ልክ ይጨምሩ። ካልተገኘ ሽታ የሌለው ፈሳሽ ሳሙና፣ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ሳይበልጥ። የዱቄት ሳሙና ጨርቁ ላይ ቅሪት ይተዋል፤ ማለስለሻ ደግሞ ውሃ እንዲጠጣ ያደርገዋል። በረኪና አይንካው። አንገቱንና የእጅጌውን ጫፍ በለስላሳ ብሩሽ ይሹ፣ አይጭመቁት። አረፋው ካለቀ በኋላ አንድ ጊዜ ደግመው ያለቅልቁና ጥላ ላይ ይስቀሉት።

ከደረቀ በኋላ ቅቡን የሚቀሰቅሰው ሙቀት ነው። መለያው ላይ የካውያው ምልክት ካልተሰረዘ ካውያውን ዝቅተኛው ላይ ያድርጉ፣ እንፋሎቱን ያጥፉ፣ መሐል ላይ ንጹሕ ጨርቅ ያኑሩና ሳያቆሙ ያንቀሳቅሱት። ዚፕና ቬልክሮ አይነካም። ማድረቂያ ማሽን ያለው ቤት 20 ደቂቃ በዝቅተኛ ሙቀት ያዙረው። ከዚያ ውሃ ይርጩበት። አሁንም ከጠጣ የሚረጭ ቅብ ይግዙና የታጠበው ጃኬት እርጥብ ሳለ ውጭውን ብቻ ይርጩ፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ የተንጠባጠበውን በጨርቅ ይጥረጉ።

ምድጃ ዳር ማድረቅ ክልክል ነው። አንዲት ብልጭታ ናይለኑን ትበሳዋለች፣ ሙቀቱም የስፌቱን ቴፕ ይፈታዋል። እርጥብ እንደሆነ ጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ መተውም ሻጋታ ያመጣል፤ አየር ባለበት ይሰቀል።

እሾህ ከቀደደው በመርፌ አይስፉት፤ እያንዳንዱ የመርፌ ቀዳዳ አዲስ ማፍሰሻ ነው። ቦታውን በአልኮል ጠርገው ያድርቁ፣ የሚለጠፍ የናይለን ጥጋኝ ከቀዳዳው ዙሪያ 2 ሴንቲ ሜትር እንዲያልፍ ይቁረጡ፣ ማዕዘኑን ያክብቡ (ሹል ማዕዘን ቶሎ ይገለጣል)፣ በማንኪያ ጀርባ ጫን ብለው ያሹና 24 ሰዓት ሳያጥፉት ያቆዩት።