ብርድ ላይ ዓሳ ስታጠምዱ የዘንጉ ቀለበት በበረዶ እንዳይደፈን

አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ ዘመዶቼ ታህሳስ በገባ ቁጥር የምትልኩልኝ ጥያቄ አንድ ነው፣ ዘንጉ ላይ ክሩ የሚያልፍበት ቀለበት በረዶ ይዞ ክሩ አልንቀሳቀስ አለኝ ምን ይሻላል። ለእያንዳንዳችሁ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ተቀባበሉት። ኮሎራዶ እያለሁ የብርዱን ወራት ሳውዝ ፕላት ወንዝ ዳር ነበር የማሳልፈው፣ አሁን ጎንደር ነኝ። የሚገርመው እኛ ከ2100 ሜትር በላይ ተሰቅለን ዴንቨር 1600 ገደማ ላይ ሆና ውሃው የሚረጋው እነሱ ጋ ነው፣ ለምድር ወገብ የምንቀርበው እኛ ነና። ደባርቅ ያደገ ወይ ስሜን ተራራ ላይ ሳንቃበር ድንኳን ውስጥ ያደረ ሰው ግን አመዳይ ምን እንደሆነ አይነገረውም።

ብዙ ሰው ቅባት ገዝቶ ይቀባና አልሰራም ይላል። በረዶው ከሰማይ አይደለም የሚመጣው፣ ራሳችሁ ናችሁ ከወንዙ የምታወጡት። ክሩን በጠቀለላችሁ ቁጥር ስስ ውሃ ይዞ ይመጣል፣ ቀለበቱ ጋ ሲደርስ ውሃው ይፋቅና እዛው ይቀራል፣ አየሩ ከዜሮ በታች ከሆነ ይረጋል፣ በላዩ ሌላ፣ በላዩ ሌላ እያለ ቀዳዳውን ይዘጋዋል። የጫፏ ቀለበት ትንሽ ስለሆነችና ውሃውን መጀመሪያ የምትቀበለውም እሷ ስለሆነች ቀድማ ትደፈናለች። ስለዚህ ዋናው ስራ ክሩ የሚያመጣውን ውሃ መቀነስ ነው፣ ቅባት ከዛ በኋላ ይመጣል።

ከክሩ ጀምሩ። ብሬድ የሚባለውን የተጎነጎነውን ቤት ተዉት፣ እንደ ኩራዝ ክር እየመጠጠ ነው የሚመጣው። ሞኖ ማለትም ተራው ናይለን ይሻላል፣ ፍሎሮካርቦን ደግሞ ውሃ አይመጥም ማለት ይቻላል፣ ግን ብርድ ላይ ድርቅ ስለሚል ወፍራሙን አትግዙ ከሪሉ፣ ማለትም ክሩ ከሚጠቀለልበት መዘውር ላይ እየተፈታ ያናድዳችኋል። ቀጥሎ አጠማመዱ ነው፣ እየወረወሩ መጎተት ክሩን ሙሉ ቀን በቀለበት ውስጥ ያመላልሰዋል፣ ከዛ ይልቅ ተንሳፋፊ አድርጋችሁ ቅርብ ቦታ በአጭር ክር ውሃው ራሱ ይዞት እንዲሄድ ተዉት፣ በብርድ ዓሳውም ሰነፍ ስለሆነ ሩቅ ተከትሎ አይሮጥም። እኔን ከጠየቃችሁ ከሁሉ የሚሻለው ቴንካራ የሚባለው የጃፓን ዘንግ ነው፣ ክሩ ጫፉ ላይ ይታሰራል አለቀ፣ ሪል የለው ቀለበት የለው ምኑ ይደፈናል? ጣና ዳር ልጆች እንጨት ላይ ክር አስረው አምባዛ የሚያወጡበት ዘዴ እኮ ነው፣ እዛ ሱቅ ውስጥ ግን ዋጋው አይቀመስም።

ቅባቱን በተመለከተ ቫዝሊን ይበቃል። ቤት ውስጥ ቀለበቱ ደረቅ እያለ በጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ስስ አድርጋችሁ ውስጡን ቀቡ፣ የከንፈር ቅባትም ያው ስራ ይሰራል፣ ኪስ ውስጥ ስለሚገባ ወንዝ ዳር ለመድገም ይመቻል። ግሊሰሪን አትቀቡ፣ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ሁለቴ ስትጠቀልሉ ታጥቦ ይሄዳል። ቅቤስ ያለኝም አለ፣ ኧረ ቅቤማ ራሱ ይረጋል!

ከተደፈነ በኋላ በጥፍር ወይ በቢላ አትፈልቅቁት፣ ዘንጉን ከድንጋይ ጋርም አታጋጩ። የቀለበቱ ውስጥ ሴራሚክ ከሆነ ስንጥቅ ይልበታል፣ ያ ስንጥቅ ደግሞ ክር ይበላል፣ ጫፉም ስስ ስለሆነ ይሰበራል። የዘንጉን ጫፍ ውሃው ውስጥ ነክራችሁ ትንሽ ቆዩ፣ የሚፈስ ውሃ ከዜሮ በላይ ስለሆነ ያቀልጠዋል፣ ከዛ አራግፉት። ግድብ ስር ከሆናችሁ ደግሞ ቶሎ ነው፣ ውሃ በጣም የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ስለሆነና የከበደው ወደ ታች ስለሚወርድ በብርድ ወራት ከግድቡ ታች የሚለቀቀው ለዛ የቀረበ ነው። ሳውዝ ፕላት ላይ ቺዝማን ግድብ ስር ያለው ካንየን፣ ማለትም ገደላማው ሸለቆ፣ ለዚህ ጥሩ ነው፣ ግን እዛ የያዛችሁትን መልሳችሁ መልቀቅ ግዴታ ነው፣ ስለዚህ በዐቢይ ጾም ዓሳ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እዛ አይነሳም። የማጥመጃ ፈቃድ (ላይሰንስ) ደግሞ ከ16 ዓመት ጀምሮ ያስፈልጋል።

ሪሉን ግን እንዳትነክሩት! ውስጡ ከረጠበ ክሩን የሚይዘው ፍሬን በረዶ ሆኖ ይጣበቃል፣ ዓሳ ሲጎትት አልለቅም ይላል ክሩም ይበጠሳል። በየመሃሉ ክሩን በእጅ ሳብ እያደረጋችሁ ፍሬኑ እንደሚለቅ እዩ፣ ቀለበቶቹንም ከመወርወራችሁ በፊት ተመልከቱ፣ ትልቅ ዓሳ ሲሮጥ የተደፈነ ቀለበት ካለ ያው ነው መጨረሻው። በረዶ ክሩን ስለሚፍቀው ጫፍ አካባቢ ሻከር ካለ ቆርጣችሁ እንደገና እሰሩ።

ሰዓቱን ምረጡ፣ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 እስከ 9 ሰዓት ባለው ውስጥ ውጡ፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ከወረደ ግን ቀለበት ላለው ዘንግ ዘዴው ብዙም አይሰራም ቡናችሁን አፍሉ። ስትመለሱ ዘንጉን እርጥብ እንደሆነ ከረጢት ውስጥ አትክተቱት፣ ቤት ውስጥ አቁሙት ይድረቅ።

ለጥምቀት ስትመጡ ዘንግ የምትይዙ ከሆነ ቫዝሊኑን ከመነሳታችሁ በፊት በደንብ ጥረጉት፣ የጎርጎራ መንገድ አቧራ ቅባት ላይ ተለጥፎ ክሩን እንደ ሞረድ ነው የሚፍቀው። ብሬዱንም ያኔ አምጡት፣ ለአምባዛ እሱ ነው የሚሻለው።